ነፋስ ያልመታው ግንብ

ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 11ን ቀስ ብሎ ላነበበ ሰው የባቢሎን ግንብ አይወድቅም። ታሪኩ ዘጠኝ ቁጥር ነው። ሰዎቹ ጡብ ይተኩሳሉ፣ ዝፍቱን እንደ ጭቃ ይጠቀሙበታል፣ ስማችንን እናስጠራ ይባባላሉ። እግዚአብሔር ወርዶ ቋንቋቸውን ይደባልቀዋል፣ በምድር ሁሉ ይበትናቸዋል፣ መጽሐፉም ስለ ሰዎቹ «ከተማይቱንም መሥራት ተዉ» ይላል። በቃ። መብረቅ የለም፣ የሚናድ ግድግዳ የለም። ግንቡ በኋላ ምን እንደሆነ አይነገረንም። ተጀምሮ የቀረ ሕንፃ ነው።

እኔ ልጅ ሆኜ የሰማሁት ግንብ ግን ወድቋል። የጣለው ደግሞ ነፋስ ነው። ይህ ከኩፋሌ የመጣ ነው። መጽሐፈ ኩፋሌ ሰዎቹ 43 ዓመት እንደሠሩ፣ ቁመቱም ከ5,400 ክንድ በላይ እንደደረሰ ይናገርና እግዚአብሔር ብርቱ ነፋስ ልኮ ወደ ምድር እንደገለበጠው ይጨምራል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። የፈረንጅ ሊቃውንት ሙሉውን ያገኙት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከእኛ ብራና ነው። ነፋሱ ግን በሌላ በር ቀድሞ ገብቶላቸዋል። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ ሲቢላ የተባለችን ነቢይት ጠቅሶ ግንቡን ዐውሎ ነፋስ እንደጣለው ጽፏል፤ የሱን መጽሐፍ ደግሞ አውሮፓ ያላነበበ የተማረ ሰው አልነበረም።

ስለ ነፋሱ ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዛሬዋ ቤልጅየም ውስጥ ባለችው በፍላንደርስና በአካባቢዋ ይህን ግንብ የሣሉና በመዳብ ሰሌዳ ቀርጸው ያተሙ ሰዎችን ሳይ ሁለት ዓይነት ሆነው ይታዩኛል። አንዳንዶቹ ሲወድቅ ይሥሉታል፣ አንዳንዶቹ ሲሠራ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከሚያፈርሱት ቀዳሚው የአምስተርዳሙ ኮርኔሊስ አንቶኒስ ነው፣ በ1547 በታተመ ሥራው። ግንቡ ክብ ነው፤ የሮምን የጥንት ስታዲየም፣ ኮሎሴየምን፣ በሚያስታውስ የቅስት ድርድር ተሠርቶ እላዩ ላይ ይናዳል። በ1569 ደግሞ የሐርለሙ ማርተን ፋን ሄምስከርክ ነድፎት ፊሊፕስ ጋለ የቀረጸው አለ፤ የአይሁድን ሕዝብ መከራ ከሚተርኩ 22 ተከታታይ ሥዕሎች አንዱ ሲሆን እዚያም ግንቡ ሲፈርስ ነው የምናየው። እነዚህ ሰዎች ሆላንዶች እንጂ ፍሌሚሾች (የፍላንደርስ ሰዎች) አይደሉም የሚል አንባቢ ልክ ነው። በጊዜው ግን ሁሉም በአንድ ገዢ ሥር ነበሩ፤ የመዳብ ሰሌዳውም፣ ወረቀቱም፣ ሠዓሊውም ከአንትወርፕ ሐርለም ያለ ድንበር ይመላለስ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ድንበር የመጣው በጦርነት ነው።

ሲወድቅ የሣሉት ሰዎች ችግር፣ ለእኔ፣ ሥዕሉ አንዴ ታይቶ ማለቁ ነው። ሰማይ ተቆጣ፣ ግንብ ወደቀ። ስብከቱ ከሥዕሉ ቀድሞ ይደርሳል።

ሠዓሊው ፒተር ብሩገል ሲሠራ ሣለው።

ቪየና በሄድኩ ቁጥር ሙዚየሙ ውስጥ ያለውን የብሩገል ክፍል ሳልረግጥ አልመለስም። አሥራ ሁለት የብሩገል ሥዕሎች አሏቸው፤ በዓለም ላይ ይህን ያህል አንድ ቦታ የሰበሰበ የለም። ሰው የሚታፈገው ግን ግንቡ ፊት ነው። በኦክ እንጨት ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ፣ 114 በ155 ሴንቲሜትር፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው የማይመች ሰሌዳ ነው። ፊት ለፊት መሬት ላይ ከተጋደሙት ጥርብ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ስሙንና 1563 የሚለውን ዓመት በሮማውያን ቁጥር ጽፏል፤ ራሱ ከጠራቢዎቹ አንዱ የሆነ ይመስል። ጠጋ ብላችሁ ካጎነበሳችሁ ጠባቂዋ ትገሥጻችኋለች። እኔን ገሥጻኛለች።

እንግዲህ እኔ ሥዕል አልተማርኩም። የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ወጣትነቴ ያለፈውም አዲስ አበባ ሳይት ላይ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ፊት ስቆም መጀመሪያ የሚታየኝ ሥራው ነው። ሥራው ደግሞ ያስገርማል። ከወንዙ ዳር መርከቦች ዕቃ ያራግፋሉ፣ ጡብ ተቆልሏል፣ እንጨት ይጎተታል። ግንቡን የሚዞረው መንገድ ላይ ለሠራተኛው የሚሆኑ ጎጆዎች ተቀልሰዋል። መወጣጫው በየቅስቱ ሥር ቆሟል፤ ቅስት ሲታሰር ከሥሩ የሚገባው የእንጨት ቅርጽ ሳይቀር በአንዳንዱ ላይ ገና አልወጣም። ብሩገል ይህን ከመጽሐፍ አላመጣውም። ሳይት ላይ ቆሞ ያየ ሰው ነው።

ክሬኑን ተመልከቱልኝ። ከግንቡ ደረጃ በአንዱ ላይ፣ ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ያለው። ሰዎች መንኮራኩሩ ውስጥ ገብተው ይራመዳሉ፤ እነሱ በተራመዱ ቁጥር መንኮራኩሩ ይዞራል፣ ገመዱ ይጠቀለላል፣ ድንጋዩ ከሥር ይነሳል። የመንኮራኩሩ ዙሪያ ከገመዱ መጠቅለያ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ጥቂት ሰው በእግሩ ብቻ ብዙ ኩንታል ያነሳል። ይህ መሣሪያ ለሥዕል ማሳመሪያ የተፈጠረ አይደለም፤ ሮማውያን ሠርተውበታል፣ ካቴድራሎች ተገንብተውበታል፣ በአንትወርፕ ወደብም በብሩገል ዘመን መርከብ የሚያራግፈው ይኸው ዓይነት ክሬን ነበር። በሥዕሉ ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ የማዝነው እዚያ መንኮራኩር ውስጥ ላሉት ነው። ቀኑን ሙሉ ይራመዳሉ፣ የትም አይደርሱም፣ ምን እያነሱ እንደሆነም አያዩም።

ከታች በግራ በኩል ንጉሡ ቆሟል። ዘውድ ደፍቷል፣ አጃቢዎቹ ከኋላው ናቸው። ናምሩድ ነው ይባላል። ዘፍጥረት 11 ውስጥ ናምሩድ የለም፤ እሱ በምዕራፍ 10 ኃያል አዳኝ ተብሎ መንግሥቱም ከባቢሎን እንደጀመረ ተነግሮለት ያልፋል፤ የግንቡ አሠሪ አድርጎ ያሰፋው ዮሴፍ ነው። ድንጋይ ጠራቢዎቹ በፊቱ ወድቀዋል፣ በሁለት ጉልበታቸው። በጊዜው በአውሮፓ ለንጉሥ የሚንበረከኩት በአንድ ጉልበት ስለነበር ይህ የምሥራቅ ሥርዓት መሆኑን ተመልካቹ ያውቃል። አለቃ ለጉብኝት ሲመጣ ሳይት ላይ የሚሆነውን ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ይታየዋል። ሥራ የቆመው እሱ የቆመበት ቦታ ብቻ ነው። ግንቡ ላይ ያለው ሠራተኛ ንጉሥ መምጣቱንም አያውቅ።

አሁን ወደ ግንቡ ራሱ። ግንቡ ያዘነብላል። ወደ ግራ፣ ወደ ከተማው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ላይ አያስተውለውም፤ ትልቅነቱ ዓይን ይይዛል። ምክንያቱን ለማግኘት ቅስቶቹን መከተል ነው። መንገዱ ግንቡን እየዞረ ስለሚወጣ ወለሉ ተዳፋት ነው። ግንበኛ ተዳፋት ላይ ሲሠራ ቱምቢውን ጥሎ ግድግዳውን ከመሬት ስበት ጋር ቀጥ ያደርጋል፤ ወለሉ ቢያዘነብልም ግድግዳው አያዘነብልም። የብሩገል ግንበኞች ቅስታቸውን ያቆሙት ከተዳፋቱ ጋር ቀጥ አድርገው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅስት ትንሽ ተጋድሟል፣ ቀጣዩም እሱን ተከትሎ ተጋድሟል፤ አንዳንዱ ቦታ ከወዲሁ መፈራረስ ጀምሯል። ማንም አልሰነፈም፤ ሁሉም ከጎኑ ካለው ጋር አስተካክሏል። ይህን ስህተት በዓይኔ ያየሁት ነው፣ በግንብ ባይሆን በአጥር። አንዱ ውሃ ልክ ሳይጠቀም ከመጀመሪያው ረድፍ ጋር እያስተያየ ይገነባል፣ መጨረሻው ላይ ደርሶ ዞር ሲል አጥሩ ወደ መንገድ ዞሯል።

ሌላም አለ። ላይኛው ደረጃ ተጠናቅቆ ሰው የሚኖርበት ሲመስል ታችኛው ገና ክፍት ነው። መሠረቱ ሳያልቅ ከላይ ተሠርቷል። መሃሉ ላይ ደግሞ ትልቅ የተፈጥሮ ዐለት አለ፤ ግንቡ ዐለቱን እየዋጠ ነው የሚወጣው፣ ግን በየቦታው ዐለቱ ወጥቶ ይታያል። ውስጡ ቀይ ጡብ፣ ውጭው ጥርብ ድንጋይ ነው። ከላይ ጫፉ ገና ስላልተሸፈነ ውስጡን እናያለን፦ ክብ በክብ ውስጥ፣ ኮሪደር በኮሪደር ላይ። የውስጡ ክቦች አግድም ናቸው፣ የውጪው መንገድ ግን እየወጣ ይዞራል። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም፤ የሆነ ቦታ ላይ በሩ ከመንገዱ በላይ ወይም በታች መሆኑ አይቀርም። ፕላኑን ስጡኝ ብባል አልፈርምበትም።

እዚህ ላይ ነው ብሩገል ከሌሎቹ የሚለየው። ነፋስ አያስፈልገውም። ደመናው የግንቡን ጫፍ ነካ አድርጎ ያልፋል፣ ሰማዩ ሰላም ነው፣ መልአክ የለም፣ የእግዚአብሔር እጅ የለም። የቋንቋ መደባለቅም አይታይም፤ የሚጨቃጨቅ ሰው ብፈልግ አላገኘሁም። ሁሉም ሥራው ላይ ነው። ጥፋቱ ሥራው ውስጥ አብሮ ተገንብቷል። እኔ በበኩሌ ከኩፋሌው ነፋስ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ ነፋስ ቢያንስ ከውጭ ይመጣል።

ቅርጹን ከየት አመጣው? ከባቢሎን አይደለም። እውነተኛው የባቢሎን ግንብ፣ ኤተመናንኪ የሚባለው ቤተ ጣዖት፣ መሠረቱ አራት ማዕዘን ነበር፣ እያንዳንዱ ጎን ወደ 91 ሜትር፤ ጀርመናዊው ሮበርት ኮልደዌይ መሠረቱን የቆፈረው በ1913 ነው። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስምንት ግንቦች አንዱ በአንዱ ላይ እንደተደረደሩና መውጫው ከውጭ እንደሚዞር ጽፎ ነበር፤ ዙሪያ መንገዱ የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ቅስቶቹ ግን ሮም ናቸው። ብሩገል በ1551 በአንትወርፕ የሠዓሊዎች ማኅበር አባል ሆኖ ከተመዘገበ በኋላ ጣሊያን ሄዷል፣ በ1553 ሮም ነበር። ኮሎሴየምን አይቷል። ባያየውም ደግሞ ቤቱ ድረስ ይመጣለት ነበር፤ አንትወርፕ ውስጥ «አራቱ ነፋሳት» የተባለ የኅትመት ቤት የነበረው ሂየሮኒመስ ኮክ በ1551 የሮምን ፍርስራሾች በተከታታይ አትሞ ኮሎሴየምን ከውስጥም ከውጭም አሳይቷል። ብሩገል ራሱ ለኮክ ለዓመታት ንድፍ ሠርቷል። ሮምን ለባቢሎን መዋሱ ሰነፍነት አይደለም። የዘላለም ከተማ የተባለችው ፍርስራሽ ሆና በዓይኑ አይቷታል፤ የሣለው ያልተጠናቀቀ ሕንፃም በከፊል ከፈረሰ ሕንፃ አይለይም።

ከርእሴ ልውጣና አንድ ነገር ልበል። ብሩገል ሮም በገባበት ዘመን ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ገዳም ውስጥ፣ የእኛ መነኮሳት ይኖሩ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን አዲስ ኪዳን እዚያው ሮም ያሳተሙት በ1548 እና 1549 ነው። ከብሩገል ጋር የሚያገናኛቸው ምንም ማስረጃ የለም፣ እኔም አላገናኛቸውም። ግን ያ ሰው በኮሎሴየም ዙሪያ ደብተሩን ይዞ ሲዞር ግእዝ የሚናገር ሰው በአጠገቡ አልፎ ሊሆን ይችላል ብሎ ማሰብ ደስ ይለኛል።

ሥዕሉ የተሠራው ለሕዝብ አልነበረም። ባለቤቱ የአንትወርፕ ነጋዴና ቀረጥ ሰብሳቢ የነበረው ኒኮላስ ዮንግሊንክ ነው። በ1566 ዮንግሊንክ የሌላ ሰው ዋስ ሆኖ 16 የብሩገል ሥዕሎቹን ለ16,000 ጊልደር መያዣ አስመዘገበ፤ ግንቡም ከነዚያ መሃል ነው። የዋስትና ወረቀት ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያ ባለቤቱን ላናውቅ እንችል ነበር። ትዕቢትን የሚነቅፍ ሥዕል የዕዳ መያዣ መሆኑ ያስቀኛል፤ ያውም በዚያች ከተማ።

አንትወርፕ ያኔ ወደ 100,000 ሕዝብ ነበራት። ከአልፕስ በስተ ሰሜን ከእሷ የሚወዳደር የንግድ ከተማ ጥቂት ነው። በ1531 የተከፈተው የነጋዴዎች መገበያያ ውስጥ ፖርቱጋሉ፣ ጣሊያኑ፣ ጀርመኑ፣ እንግሊዙ በየቋንቋው ይዋዋላል። ብሩገል ግንቡን ሲሥል አዲሱ የከተማ አዳራሽ ራሱ በሥራ ላይ ነበር፤ ከ1561 እስከ 1565 የተገነባ ነው። መወጣጫ፣ ክሬን፣ ኖራ፣ ጠራቢ፣ ሁሉንም ለማየት ከቤት መውጣት ይበቃ ነበር። እምነትም ተከፋፍሏል፦ ካቶሊኩ፣ ካልቪኑ፣ ሉተራኑ፣ ዳግመኛ አጥማቂው። ከተሣለ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1566 ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን እየገባ ሥዕልና ሐውልት ሰባበረ፤ በሚቀጥለው ዓመት የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊልጶስ የአልባን መስፍን ከነጦሩ ላከ። ክሪስቶፍ ፕላንታን የተባለው አታሚ ግን በዚሁ መሃል፣ በዚሁ ንጉሥ ድጋፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በዕብራይስጥ፣ በአራማይክ፣ በግሪክ፣ በሶርያና በላቲን ጎን ለጎን አሰልፎ አንትወርፕ ውስጥ አሳትሟል። የተደባለቀውን ቋንቋ በስምንት ጥራዝ መልሶ መደርደር ማለት ነው።

ናምሩዱ ፊልጶስ ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አንድን ንጉሥ ብቻ መውቀስ ሥዕሉን ያሳንሰዋል እላለሁ። ንጉሡ በሥዕሉ ጥግ ነው ያለው፣ ትንሽ ነው። ስህተቱን የሚሠራው ግንበኛው ነው፣ ያውም በጥሩ ሙያ።

ብሩገል ግንቡን ሦስት ጊዜ እንደሣለው ይታወቃል። አንዱ በዝሆን ጥርስ ላይ የተሠራ ሲሆን ትንንሽ ሥዕል በመሥራት ስመ ጥር በነበረው በጁሊዮ ክሎቪዮ ንብረት ዝርዝር ውስጥ ተጠቅሶ ጠፍቷል። ሦስተኛው ሮተርዳም ነው፤ ከቪየናው በጣም ያነሰ፣ 60 በ75 ሴንቲሜትር ገደማ። ከቪየናው በኋላ እንደተሣለ ይታመናል። እዚህ ንጉሥ የለም። ሰው እንደ ነጥብ ሆኗል። ግንቡ ከፍ ብሏል፣ ጠቁሯል፣ ቀይ ጡቡ ጎልቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ኩይሳ ነው የሚመስለው። ጠጋ ሲሉ ደግሞ በግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የወረዱ ሁለት መሥመሮች አሉ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ። ነጩ ኖራ ወደ ላይ የሚሳብበት ነው፣ ቀዩ ጡብ። ለዓመታት ሲሳብ ብናኙ ግድግዳውን ቀብቶታል። ምን ያህል ጊዜ እንደተሠራ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም፤ ይህን ያየሁ ቀን ሳይት ላይ ስሚንቶ የምናወጣበት ጎን ግድግዳ ትዝ አለኝ፣ ቀለም ቀቢው ሁሌም የሚረግመን ለዚያ ነበር።

ከሱ በኋላ ግንቡ ገበያ ሆነ። ሄንድሪክ ፋን ክሌቭ፣ አቤል ግሪመር፣ ወንድማማቾቹ ሉካስና ማርተን ፋን ፋልከንቦርክ ደጋግመው ሣሉት። ግሪመርን አልወደውም፤ የሕንፃ ሞዴል ነው። የፋልከንቦርኮቹ የተሻለ ነው፣ ሕዝብ ማሰለፍ ያውቃሉ። በ1679 ደግሞ ኢየሱሳዊው ካህን አታናሲየስ ኪርከር ስለ ግንቡ ሙሉ መጽሐፍ አምስተርዳም ላይ አሳተመ። ግንቡን የነደፈለት ሊቨን ክሩይል የጌንት ልጅ ነው። ኪርከር እስከ ጨረቃ የሚደርስ ግንብ ቢሠራ ክብደቱ የምድርን ሚዛን እንደሚያዛባ ተቀምጦ አስልቷል። ወዳጄ ሳይት ላይ ቢቀጠር ኖሮ ብዙ ስብሰባ ያስቀምጠን ነበር።

ሉካስ ፋን ፋልከንቦርክ ከ1566ቱ ግርግር በኋላ በሃይማኖቱ ምክንያት አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነው። ሙኒክ ያለውን ትንሿን ግንብ በ1568 ሠራ። ሉቭር ያለውን የሠራው በ1594 ነው፤ ያኔ የሚኖረው ፍራንክፈርት ነበር፣ ከሦስት ዓመት በኋላም እዚያው ሞተ። አንትወርፕ በ1585 በስፔን ጦር እጅ ከወደቀች በኋላ ከሕዝቧ ብዙው፣ ነጋዴውም ሠዓሊውም አታሚውም፣ ወደ አምስተርዳም፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ እንግሊዝ ተበትኗል። ስለ መበተን የሚተርከውን ታሪክ የሣለው ራሱ የተበተነ ሰው ነው። የተሰደደ ሰው እንደመሆኑ ግንቡን ያፈርሰዋል ወይ ያጋድመዋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። የሱ ግንብ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ደረጃው እኩል ነው፣ ቱምቢ የተጣለበት ነው፣ መሐንዲስ ሊፈርምበት ይችላል። እኔ ግን አንዴ አይቼው አልፋለሁ።